ሻወር በጭቃ ግድግዳ

እናቴ ከድጃ የዳሌዋ አጥንት ተሰብሮ ሐርቡ ወንድሜ ቤት ስታገግም ከርማ ደሴ የተመለሰች ቀን፣ ገና የቤቷን ደጃፍ ሳትረግጥ የተናገረችው ነገር «ሻወር አስገባለሁ» የሚል ነበር።

ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ ሻንጣዋን እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ። ያመጣት ናፍቆቷን እስክትወጣ ለጥቂት ቀን ብሎ ነው፤ ከዚያ መልሶ ሊወስዳት አስቧል።

«የት ነው የምታስገቢው?» አላት።

«እዚሁ፣ ጓዳው ጥግ።»

«እማ፣ ይሄ እኮ የጭቃ ቤት ነው።»

«አውቃለሁ። የለሰንኩት እኔ ነኝ።»

እውነቷን ነው። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለውን ይህን ቤት አባታችን መሕሙድ ቋሚውን አቁሞ ማገሩን ሲመታ፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታ በእጇ የለሰነችው እማ ናት። አባታችን ከሞተ ወዲህም ስንጥቅ ባየች ቁጥር ራሷ ትደፍነዋለች። ግን በሳፋና በጆግ መታጠብ አትችልም። ቁጢጥ ማለት አይሆንላትም፤ ጎንበስ ብላ ውሃ ከመሬት ማንሳትም እንዲሁ። ወንበር ላይ ተቀምጣ ውሃው ከላይ ከወረደላት ግን ማንንም አትፈልግም። እንድሪስም ይህን ያውቃል። ብቻዋን መታጠብ ካልቻለች ብቻዋን መኖር አትችልም፤ ብቻዋን መኖር ካልቻለች ሐርቡ ትገባለች። ክርክሩ ከመጀመሪያውም ስለ ቧንቧ አልነበረም።

እኔ ፊርደውስ እባላለሁ፤ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ፈረቃዬ ሲፈቅድ የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ እማን አያታለሁ። እንድሪስ አኩርፎ ከሄደ በኋላ ምሳ እየበላን ጠየቅኳት።

«ፈትሂያ በድላሽ ነው?»

ፈትሂያ የእንድሪስ ሚስት ናት።

«ወላሂ አልበደለችኝም» አለች እማ። «እጇ ለስላሳ ነው። ክፉ ቃል አንድ ቀን አልወጣትም። ግን ስታጥበኝ ታወራኛለች። ሽንኩርቱ እንዴት እንደበሰበሰ፣ የጎረቤቷ ልጅ ማንን እንዳገባች። እኔ ራቁቴን ተቀምጬ ስለ ሽንኩርት እሰማለሁ። ዝም የማትለው እንዳላፍር ብላ ነው። ደግ ስለሆነች ነው የምታወራው። ያ ነው የከበደኝ።»

ሌላ አልጠየቅኳትም። በሚቀጥለው ስመጣ የሻወሩን ሚክሰር ከኮምቦልቻ ገዝቼ ይዤላት መጣሁ። ግድግዳ ላይ የሚታሰር ነው፤ ከጀርባው ሁለት መግቢያ አለው፣ አንዱ ለሙቅ፣ አንዱ ለቀዝቃዛ። እማ ከሳጥኑ አውጥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ መክፈቻውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እያዞረች አየችው።

የሰፈሩ ቧንቧ ሠራተኛ ሞላልኝ ይባላል። አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ዘገምተኛ የሆነ ሰው ነው። ጓዳው ገብቶ ግድግዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«እትየ ከድጃ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ይሄ ዕቃ ብሎኬት ላይ ነው የሚታሰረው። ጭቃ ብሎን አይዝም። ውሃ ከነካው ደግሞ ይናዳል።»

«ዝናብ ስንት ክረምት ሲመታው ኖሮ ቆሞ የለም እንዴ?»

«እሱ ከውጭ ነው፤ ያውም ክዳን አለው።»

«እንግዲያው ለውስጡም ክዳን አብጅለት።»

ሞላልኝ ተከራክሮ እንደማያሸንፋት ሲያይ ሠራው። ውጭ፣ የውሃ ታንከሩ ካለበት የብረት መቆሚያ ላይ ትንሽ ቦይለር አስቀመጠ። ከሁለቱም ቧንቧ ስቦ ጭቃውን ቦይ አድርጎ ቆፈረና ቀበራቸው። ቧንቧዎቹን በተቆለመመ ምስማር ያዛቸው፤ ክፍተቱን ሲሚንቶ በተቀላቀለ ጭቃ ጠቀጠቀው። ፊቱን በቀጭን ላሜራ ሸፈነና ሚክሰሩን አሰረ። ከቤት ሲወጣ ግን ፊቱ ሥራ የጨረሰ ሰው ፊት አልነበረም።

«ቀስ ብለው ይጠቀሙበት» አለ። «መክፈቻውን በኃይል እንዳይነኩት።»

እማ የታጠበችበት ቀን እኔ ሳሎን ነበርኩ። በሩን ከውስጥ ስትቀረቅር ሰማሁ። «ቢስሚላህ» አለች። ውሃው ወረደ። ደስ አለኝ፤ ቁጭ ብዬ የውሃውን ድምፅ ማዳመጥ ጀመርኩ። ለረጅም ጊዜ ስትታጠብ ቆየች። ከዚያ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝ፤ ወዲያው ከባድ ነገር ዘጭ ብሎ ወደቀ።

በሩን ደበደብኩ፤ አልተከፈተም። ውጭ ሮጬ የታንከሩን መዝጊያ ዘጋሁትና ተመለስኩ። በሩ አሁን ተከፍቷል። እማ ሽርጧን ተጠቅልላ ክራንቿን ተደግፋ ቆማለች፤ ፀጉሯ ሳሙና፣ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ከጀርባዋ ላሜራው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል፤ ሚክሰሩ ከነተሰበረው ቧንቧ መሬት ላይ ወድቋል፤ በግድግዳው ቀዳዳ የጎረቤታችን አጥር ይታያል።

«ወደቅሽ?»

«አልወደቅኩም። ግድግዳው ነው የወደቀው።»

ከወንበሩ ለመነሳት ሚክሰሩን ይዛ ነበር። ጭቃው አልያዘውም፤ ቧንቧው ተጠምዞ መታጠፊያው ላይ ተሰበረ፤ ውሃው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ አረሰረሰው።

«ነይ ላለቅልቅሽ» አልኳት።

«ጆጉን አቀብይኝና ውጪ።»

በሩ ላይ ቆሜ ሰማኋት። አንድ እጇ ክራንች ላይ ነበር፣ በሌላው ታፈሳለች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ስትጨርስ «ሞላልኝን ጥሪልኝ» አለች።

ከሞላልኝ በፊት የመጣው እንድሪስ ነው። ደውሎ ሲጠይቀኝ አልዋሸሁትም። መኪናውን አስነስቶ መጣ፤ ጓዳውን አየ፤ በቀዳዳው አሻግሮ ግቢውን አየና ተመልሶ እማ ፊት ቆመ።

«በቃ እማ። ዕቃሽን እንሰር።»

«ምን ሆኜ?»

«ቤቱ ተቀዶ ደጅ እየታየ ምን ሆኜ ትያለሽ?»

«ይደፈናል።»

«ሞላልኝ አይሆንም ብሎሽ ነበር። እኔም ብዬሽ ነበር። ለምን አትሰሚም?»

«ሰምቻችኋለሁ። አልተስማማሁም እንጂ።»

እንድሪስ ወደ እኔ ዞረ፤ የምረዳው መስሎት ነበር። አላገዝኩትም። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማ፣ ዳሌሽ የተሰበረ ቀን ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ደጅ ላይ ተጋድመሽ ነበር። ስልኩ ሲደወል እኔ የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ? መጋዘን ውስጥ ጆንያ እያስቆጠርኩ እስቅ ነበር። አሁን ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ትሄዳለች። እፈራለሁ።»

እማ እጁን ያዘችው። ወንድሜ የልጅነቱን ፊት ሲመስል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«ፍራ» አለችው። «ልጄ ነህ፣ ብትፈራ አልፈርድብህም። ግን አንተ ስለፈራህ እኔ ቤቴን አልዘጋም።»

እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቃት። «ረመዳን ሳይገባ እመጣለሁ» አለ። «እስከዚያ ካልተስተካከለ ትሄጃለሽ። ተሸክሜም ቢሆን እወስድሻለሁ።»

«ከተስተካከለስ?»

የመኪናውን ቁልፍ አንስቶ ወጣ።

ሞላልኝ ስልክ አላነሳ አለ። እማ ደጋግማ አስደወለችኝና ጫማዋን እንዳደርግላት ጠየቀች። ሐኪሙ ዳገትና ቁልቁለት ከልክሏት ነበር፤ ደሴ ላይ ደግሞ ከዚህ ሌላ መንገድ የለም። እየቆመች፣ እያረፈች፣ ክራንቿን ድንጋይ ለድንጋይ እየተከለች ቧንቧ ሠራተኞቹ ሥራ የሚጠብቁበት ሱቅ ደረስን። ሞላልኝ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጧል። ሲያየን ተነሳ፤ ዓይኑ ግን መሬት መሬት ነው።

«ሥራህ ወድቋል» አለችው፣ ሰላምታውን ከጨረሰች በኋላ።

«እትየ ከድጃ፣ ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረኸኛል። ነገሩ ያልሆነው ግን አይሆንም እያልክ ስለሠራኸው ነው። በልብህ እንደሚወድቅ እያወቅህ ምስማር መታህበት። ብሎኬት ቢሆን እንደዚያ ታስረው ነበር?»

ከተቀመጡት አንዱ ለጓደኛው ጠጋ ብሎ፣ ግን ሁላችንም እንድንሰማው አድርጎ፣ «በጭቃ ቤት ሻወር ካስገቡ ሊፍትም አይቀር» አለ። ሳቁ። እማ ወደ ሰውዬው ዞር አለች።

«አንተ የት ነው የተወለድከው?»

«እዚሁ ደሴ ነኝ።»

«በምን ቤት?»

የሰውዬው ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ። ደሴ ውስጥ በጭቃ ቤት ያልተወለደ በእሱ ዕድሜ ያለ ሰው ብዙ የለም። ከሁሉም በላይ የተቀየረው ግን የሞላልኝ ፊት ነው። የመሣሪያ ቦርሳውን ከመሬት አነሳና ትከሻው ላይ ጣለው።

«እንሂድ» አለ። «አንተም ሳቅህን ስትጨርስ መጥተህ ታየዋለህ።»

አሁን ግን ሞላልኝ ጓዳው ገብቶ ቦርሳውን ሳይከፍት ብዙ አሰበ። የረጠበውን ጭቃ በሙሉ አፍርሶ አወጣው፤ ማገሮቹ እንደ ጎን አጥንት ታዩ። ማገሩን ይዞ ነቀነቀው፤ ተወዛወዘ።

«ይሄ አይዝም» አለ። «ቧንቧው የሚታሰርበት የማይነቃነቅ ነገር እፈልጋለሁ። ቋሚዎቹ ምን ዓይነት እንጨት ናቸው?»

«ባሕር ዛፍ ነው፤ ወደ ጥጉ ያሉት ሁለቱ ግን ጽድ ናቸው» አለች እማ። «መሕሙድ ጣሪያው በዚያ በኩል ይከብዳል ብሎ ነው።» በክራንቿ ጫፍ ግድግዳውን እየመታች ሄደችና ድምፁ ድፍን ሲል ቆመች። «እዚህ ጋ አንዱ። እዚህ ጋ ሁለተኛው።»

ሞላልኝ በመሮ ልስኑን ፈልቅቆ አየ። የጽዱ ቋሚ ቀይ ሆኖ፣ ደርቆ፣ ምስጥ ሳይነካው ቆሟል። ጩቤ መሰል ካቻቢቴውን ሊሰካበት ሞከረ፤ አልገባም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት።

«እንግዲያው ግድግዳውን እንተወው» አለ። «ጭቃው ምንም አይሸከምም። ጣውላ ከቋሚ ወደ ቋሚ እንዘረጋለን፣ ሁሉንም ነገር ጣውላው ይሸከማል። ጭቃው ቀዳዳ መድፈን ብቻ ነው ሥራው።»

ወፍራም ጣውላ አምጥቶ በሁለቱ ጽዶች መካከል በረጃጅም ብሎን አሰረው። በውሃ ልክ አስተካከለው። ብሎን የሚገባበት ጆሮ ያላቸው ሁለት የቧንቧ መታጠፊያዎች አመጣና ጣውላው ላይ አስቀመጣቸው፤ ብሎናቸውን ግን ወዲያው አላጠበቀም። ሚክሰሩን መጀመሪያ ገጠመባቸውና ልኩ ሲመጣ ነው እነሱን ያጠበቃቸው።

«ባለፈው ለየብቻ አሰርኳቸው» አለኝ ወደ እኔ ሳይዞር። «ሚክሰሩ ተወጥሮ ነበር የገባው። ባይወድቅም ያፈስ ነበር።» ከታች ወደ ላይ የሚወጡትን ቧንቧዎችም በማቀፊያ አንድ በአንድ ከእንጨት ጋር አሰራቸው፤ ይዤ ብጎትታቸው ንቅንቅ አላሉም።

እማ ወንበሯን ጓዳው በር ላይ አስመጥታ ስታይ ዋለች። ዝም ብላ ግን አልነበረም።

«ከጎኑ መያዣ ብረት ግጠምልኝ።»

«ሚክሰሩን እንዳይዙት ነግሬዎታለሁ እኮ።»

«ሰው ሲነሳ ያገኘውን ነው የሚይዘው። የሚያዝ ነገር ስጠኝ፣ እሱን አልነካም።»

ሞላልኝ አሰበና ጣውላው ላይ ወፍራም የብረት መያዣ ጨመረ። ቀጥላ ከውጭ በኩል በቧንቧው አቅጣጫ ትንሽ መዝጊያ ያለው መስኮት እንዲተውላት ጠየቀች።

«ለምን?»

«ሲያፈስ ግድግዳው ሳይሰማ እኔ ልየው።»

ይሄንንም ሠራ። ከመድፈኑ በፊት ውሃውን ለቀቀና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ጠቀለለው። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ እማ ሶፍቶቹን ራሷ እየፈታች በጉንጯ ነካቻቸው። አንዱ ርሶ ነበር። ሞላልኝ ፈታው፣ ማሸጊያ ቴፍሎኑን ደግሞ ጠቀለለበት፣ አሰረው። እንደገና ጠበቅን። ሁሉም ደረቅ ሆኑ። ያን ጊዜ ፕላስቲክ ዘርግቶ በላዩ ላሜራውን ቸነከረ፤ ዳርዳሩን በሲሊኮን ዘጋ። የቀረውን ቀዳዳ እማ ለማንም አልተወችም። ጭቃውን እኔ አቦካሁ፣ እሷ ተቀምጣ ለሰነችው።

እንድሪስ ቃሉን ጠበቀ፤ ረመዳን ሊገባ ሲል መጣ። ፈትሂያ ለእማ ክፍል አዘጋጅታ፣ አዲስ ፍራሽ ገዝታ እንደምትጠብቅ ነገረን። እኔም ያን ቀን እዚያው ነበርኩ። እማ ሰላም አለችው፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀችው። ከዚያ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ክራንቿን አነሳች።

«ልታጠብ ነው» አለች። «ተቀመጥ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ገባች፤ በሩ ከውስጥ ተቀረቀረ። እንድሪስ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሳ።

«እማ፣ መቀርቀሪያውን ክፈችው። ቢያዳልጥሽ እንዴት እንገባለን?»

«አልከፍትም።»

«በሩን ገርበብ አድርጊው እንጂ፣ ማንም አይገባም።»

«ማንም እንደማይገባ የማውቀው ሲቀረቀር ነው።»

ውሃው ወረደ። ወንድሜ በሩ ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆመ። ውሃው በቆመ ቁጥር ትንፋሹን ይይዛል፤ ሲቀጥል ይለቀዋል። እኔም ተቀምጬ እጄን እያፋተግሁ ነበር፤ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ከውስጥ እማ ስትነሳ ክራንቿ የብረቱን መያዣ ነክቶ ቃጭ አለ፤ ከዚያ ፀጥ አለ። እንድሪስ በሩን በትከሻው ሊገፋ ሲዘጋጅ መቀርቀሪያው ተከፈተ።

ልብሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ፊቷ ከሙቁ ውሃ ቀልቶ ወጣች። ከእሱ ጎን አልፋ ሄደች።

«ግባና መያዣውን ጎትተው» አለችው።

«እማ...»

«ጎትተው አልኩህ። ባለህ ኃይል።»

ገባ። እኔም ተከተልኩት። ብረቱን በአንድ እጁ ያዘና ሳብ አደረገው። ቀጥሎ በሁለት እጁ ያዘው፤ እግሩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ የመጋዘን ጆንያ የሚያነሳበትን ጉልበት ሁሉ ተጠቀመ። የንዴቱንም ጭምር ነው የጎተተው፤ የአንገቱ ሥር ተገተረ። ጽዱ ቋሚ ንቅንቅ አላለም። ሲለቀው መዳፉ ላይ የብረቱ ምልክት ቀርቶበት ነበር። ወደ ሚክሰሩም እጁን ዘርግቶ ነካ አደረገው፤ ሳይጎትተው ተመለሰ።

«እሺ» አለ ሳሎን ተመልሶ። «ግድግዳው ይዟል። መቀርቀሪያው ግን ይነሳ። እሱን ብቻ ለምኜሻለሁ።»

«አይነሳም።»

«እንግዲያው ሐርቡ ትሄጃለሽ።»

«ለኢድ እመጣለሁ። እንግዳ ሆኜ፣ በእግሬ ገብቼ፣ የፈትሂያን ምግብ በልቼ፣ ልጆችህን ስሜ እመለሳለሁ። የሰው ቤት እንግዳ እሆናለሁ እንጂ የሰው ቤት በሽተኛ አልሆንም። ለፈትሂያ ፍራሹን አላህ ይስጥልኝ በልልኝ።»

እንድሪስ ምሳ አልበላም። የእናቱን ግንባር ሳመ፣ ግን ሲስማትም ተኮሳትሮ ነበር። እኔ ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ስለነበረብኝ ከእሱ ጋር ወረድኩ። ሐረጎ ላይ ጉም ነበር፤ መኪናውን ቀስ እያለ ነዳ። ከመታጠፊያዎቹ አንዱን እንዳለፍን ድንገት ተናገረ።

«ብትወድቅስ?»

«ልትወድቅ ትችላለች።»

«ታዲያ እንዴት እንደዚህ ታወሪያለሽ?»

«እሷም ታውቀዋለች፣ እንድሪስ። አውቃ ነው የመረጠችው።»

መሪውን ጭምቅ አድርጎ ያዘ። «አንቺም ከእሷ ጋር ነሽ» አለ።

«አዎ» አልኩት። ከዚያ በፊት እንደዚህ በግልጽ ብዬው አላውቅም ነበር።

ቁልቁለቱን ጨርሰን አየሩ መሞቅ ሲጀምር ስልኬ ጮኸ። እማ ናት። ከጀርባዋ የሞላልኝ ድምፅ ይሰማኛል፤ አንድ ነገር እየለካ ነው።

«ፊርደውስ» አለችኝ፣ «መቀመጫ ያለው መጸዳጃ ኮምቦልቻ ይገኛል ወይ? ነጩን ነው የምፈልገው። ይሄንን ቁጢጥ የሚባለውን ነገር ከቤቴ ላወጣው ነው። ሞላልኝ ወለሉ አይችልም እያለኝ ነው።»

«ምን አልሽው?»

«ባለፈው ግድግዳው አይችልም ስትለኝ ነበር አልኩት። አሁን ወለሉን እየቆፈረ ነው።»

ስልኩን ስዘጋ እንድሪስ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ «ምን አለች?» አለኝ። ነገርኩት። ማርሽ ቀየረ።

«እኔ አላግዝም» አለ።

«ማንም አልጠየቀህም።»

ኮምቦልቻ ስንደርስ ፋብሪካው በር ሊያወርደኝ ፍጥነቱን ቀነሰ። ፈረቃዬ ሊገባ ገና ጊዜ ነበረኝ። ወደፊት እንዲነዳና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጥበት መንገድ ላይ እንዲያወርደኝ ነገርኩት። ፊቱን እንዳጠቆረ ነዳና ሱቆቹ ፊት ለፊት አቆመልኝ፤ ወርጄ በሩን ዘጋሁት።